ሶፍትዌሩ ነፃ ከሆነ ፕሮግራመሩን ማን ይቀጥረዋል?

ኮዲንግ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር በነፃ ከተገኘ እኛን ማን ከፍሎ ያሠራናል?» እስቲ እንየው።

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ማንም ሰው ኮዱን አይቶ፣ ቀይሮ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ነው። ሩቅ አትሂዱ፤ አንድሮይድ ስልክ ከያዛችሁ ውስጡ ሊኑክስ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ገና ተማሪ እያለ የጀመረው ነው።

📌 ታዲያ ብሩ ከየት ይመጣል?

ኮዱን ማውረድ ነፃ ነው። መጫኑ፣ ከድርጅቱ አሠራር ጋር ማስማማቱ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሲበላሽ ተነስቶ መጠገኑ ግን የሚከፈልበት ሥራ ነው። ሬድ ሃት የሚባለው ካምፓኒ ክፍት በሆነ ኮድ ላይ ድጋፍና ጥገና እየሸጠ አደገ። በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

📌 እኛ አገርስ?

ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ኦፕን ሶርስ ነው፤ መነሻው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ። ግን የኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ሪፖርቱን በዚህ ልክ ማስተካከል፣ ሰርቨሩን መጠበቅ፣ ባለሙያ ማሠልጠን አገሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

📌 ጉዳት የለውም ማለት ነው?

አለው። በነፃ ያለውን ነገር ከዜሮ ሠርቶ ልሽጥ ለሚል ሰው ገበያው ከባድ ነው። ማይኤስኪውኤል እያለ አዲስ ዳታቤዝ ማን ይገዛል?

ሌላው ደግሞ የጉልበት ጉዳይ ነው። በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ ስንትና ስንት ድረገጽ የሚተማመንበትን ኦፕንኤስኤስኤል የሚንከባከቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ገንዘብ ያዋጡት ከዚያ በኋላ ነው።

📌 ምን እናድርግ?

የምትጠቀሙበትን አንድ ፕሮጀክት ምረጡ። ትንሽ ስህተት አርሙ፣ መመሪያውን ወደ አማርኛ መልሱ። የሠራችሁት ጊትሃብ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ልምድ የለህም ለሚል ቀጣሪ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ግን ገደብ አብጁለት። አንድ ድርጅት በናንተ ኮድ እያተረፈ «ይሄንንም ጨምሩልን» ሲል፣ ዋጋውን መጠየቅ ነውር አይደለም።