ዝግታም ሥልጠና ነው

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ከመማሪያ ክፍል የራቀ ይመስል ይሆናል። ሆኖም እስከ መጨረሻው ብትከታተሉን የአሠልጣኝና የመምህር ሙያ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ትረዱታላችሁ ብለን እናምናለን። ጉዳዩም ረጅም ርቀት ትራያትሎን ስለሚባለው ስፖርትና ስለ ስፖርተኞቹ አሠለጣጠን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ቀን ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር ነው። በ2000 በሲድኒ ወደ ኦሊምፒክ የገባው አጭሩ ዐይነት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ያለው ነው። ረጅሙ ግን፣ «አይረንማን» ወይም «የብረት ሰው» የሚባለው፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋናና 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት አስቀድሞ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን ያስከትላል። ማራቶን ብቻውን ስንቱን እንደሚጥል ለኛ አገር ሰው መንገር አያሻም። እዚህ ግን ማራቶን የሚጀመረው ሰውየው ከደከመ በኋላ ነው!

ይህ ውድድር የተወለደው ከክርክር ነው። በሃዋይ ደሴቶች በኦዋሁ ስፖርተኞች ተሰብስበው «ከሯጭ፣ ከዋናተኛና ከብስክሌተኛ ማን ይበልጥ ጠንካራ ነው?» እያሉ ሲከራከሩ፣ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በደሴቲቱ የነበሩት ሦስት የተለያዩ ውድድሮች በአንድ ቀን ይያያዙ የሚል ሐሳብ አመጣ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 15 ሰዎች ተነሡ፤ 12ቱ ጨረሱ። አንደኛ የወጣው ጎርደን ሃለር 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ፈጀበት። ሁለተኛ የወጣውን ጆን ደንባርን ደግሞ ረዳቶቹ መንገድ ላይ ውሃ ስላለቀባቸው ቢራ ሰጡት ይባላል። ያን ጊዜ ለዚህ ርቀት የተዘጋጀ የሥልጠና መመሪያ ገና አልነበረምና ምን ይደረግ!

ታዲያ ለእንዲህ ያለ ውድድር ሰው እንዴት ይሠለጥናል? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መልስ «በየቀኑ እስኪወድቅ መሥራት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

ሰውነታችን ለሥራ የሚያነደው በተለይ ሁለት ነገር ነው፤ ስኳርና ስብ። በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ስኳር ከ2,000 ኪሎ ካሎሪ ብዙም የማይበልጥ ኃይል ይሰጣል። ሙሉ አይረንማን ግን ከ8,000 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ስቡ በአንጻሩ፣ ቀጭን የሚባለው ስፖርተኛ እንኳ ለብዙ ቀን የሚበቃ አለው። ችግሩ፣ ሰው በጣም ሲፈጥን የሚያነደው በአብዛኛው ስኳሩን መሆኑ ነው። ለረጅም ጊዜ በዝግታ ሲሠራ ግን ጡንቻው ስብን ማንደድ ይለምዳል፤ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይበዛሉ። ስለዚህ ዝግታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ማለት ነው።

ይህን ካሳዩት ስፖርተኞች አንዱ አሜሪካዊው ማርክ አለን ነው። ፊል ማፈቶን የተባለው አሠልጣኝ የልብ ትርታውን በደቂቃ ከ155 እንዳያሳልፍ ባዘዘው ጊዜ፣ ያ ፈጣን ሯጭ አንዱን ማይል በ8 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ለመሮጥ ተገደደ። አስቡት፤ ለሱ ይህ እንደ መራመድ ነበር። ዓመት ገደማ ታግሦ ከሠራ በኋላ ግን በዚያው በ155 ትርታ ማይሉን በ5 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ መሮጥ እንደቻለ ራሱ ተናግሯል። በሃዋይ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ያልቀናው ይህ ሰው በ1989 ስድስት ጊዜ ካሸነፈው ከዴቭ ስኮት ጋር ስምንት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተጉዞ በመጨረሻ በ58 ሴኮንድ ቀደመው። ከዚያም አምስት ጊዜ ደግሞ አሸነፈ። በርግጥ አለን ፍጥነትንም ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ፍጥነቱ የመጣው መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ነው። በኖርዌይ የሚሠራው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለርም የታላላቅ ስፖርተኞችን ልምድ መርምሮ ከ10 የሥልጠና ክፍለ ጊዜ 8 ያህሉ ቀለል ያለ መሆኑን አሳይቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

የአሠልጣኙ ዕቅድ የኛን ዓመታዊና ሳምንታዊ የትምህርት ዕቅድ ይመስላል። በተለመደው አሠራር ሥራው ለሦስት ሳምንት ቀስ እያለ ይጨምራል፤ በአራተኛው ይቀንሳል። ሰውነት የሚጠነክረው ከሥራው በኋላ በሚያርፍበት ጊዜ ስለሆነ ዕረፍት ከዕቅዱ አይሰረዝም። አንዳንድ ቀን ስፖርተኛው ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው ይሮጣል፤ ይኸውም እግሩ የሥራ ለውጡን እንዲለምድ ነው። ውድድሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሥራው እየቀነሰ ይሄዳል። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ለማጥናት የምንቸኩል ሰዎች እዚህ ላይ ልብ እንበል!

ምግብና መጠጥም ይሠለጠንባቸዋል። ሆድ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም የሚደርስ ኃይል ሰጪ ምግብ እየተቀበለ መሥራትን የሚለምደው በልምምድ ነው። ይህ ሲጓደል ምን እንደሚመጣ ጁሊ ሞስ አሳይታለች። በ1982 ይህች የ23 ዓመት የካሊፎርኒያ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቷን ለማዘጋጀት በሃዋይ ተወዳደረች። ስትመራ ቆይታ መጨረሻው ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ ወደቀች፤ ተነሣች፤ እንደገና ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አልፋት ከገባች ከ29 ሴኮንድ በኋላ በዳዴ መስመሩን ነካች። ዓለም ጀግንነቷን አደነቀ፤ ይገባታልም። አሠልጣኝ የሚሆን ሰው ግን ከአድናቆቱ ጋር ስንቁ ያለቀበት ሰውነት ምን እንደሚሆን መማር አለበት። መጠጥም ቢሆን ልክ አለው። ውሃ ብቻ ከመጠን በላይ የሚጠጣ ስፖርተኛ በደሙ ያለው ጨው ቀጥኖ ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል። «ጠጣ፣ ጠጣ» እያሉ መጮኽ ብቻ አሠልጣኝነት አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይጠቅማል? ነገ ከኛ ብዙዎቹ በየትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ይረከባሉ። በመጀመሪያው ቀን 50 ልጅ አሰልፎ፣ ሰዓት ይዞ፣ «ሩጡ!» ማለት ቀላል ነው። አምስቱ ይፈጥናሉ፤ ሌሎቹ እያለከለኩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም» የሚል ልጅ ይኖራል። ያ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ይህን ቃል ይዞት ሊቀር ይችላል፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም።

ለመጀመር ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁ እየሮጠ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ልኩ ያ ነው፤ ቃል ከተቆራረጠበት ይዘግይ። ጣት በእጅ አንጓ ላይ አድርጎ ትርታውን 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትም ይቻላል፤ ለሒሳብ ትምህርትም ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በሳምንቱ መጨመር፣ በወሩ ማሳረፍ፣ ልጁን ከጎረቤቱ ጋር ከማወዳደር ይልቅ ካለፈው ወር ከራሱ ጋር ማወዳደር ይበጃል።

የሚገፋ አሠልጣኝ ሞልቷል። «ዛሬ ይብቃህ፣ ነገ እንቀጥላለን» ብሎ በጊዜው የሚገታው ግን ጥቂት ነው። በመማሪያ ክፍልም ቢሆን ነገሩ ያው ነውና፣ በዚህ ላይ ሐሳብ ያላችሁ እጩ መምህራንና መምህራን ለሚቀጥለው ዕትም ጽፋችሁ ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን።