ከገጽ ንድፍ ወደ ልጆች መጽሐፍ

ልጁ ደብተሩን በሥዕል ሲሞላ «ይህ እንጀራ ይሆንሃል?» የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። ስለ ልጅ ሐላል ሪዝቅ ማሰብ ተገቢ ነውና ጥያቄው አያስወቅስም። ለዛሬ መልሱን በሥራው ካለፉ ሰዎች እንፈልግ።

ሊዮ ሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1910 አምስተርዳም ተወለደ። ጣሊያን ውስጥ የተማረው ምጣኔ ሀብት ነበር። በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማስታወቂያ ድርጅት ሠራ፤ ኋላም «ፎርቹን» የተባለው የንግድ መጽሔት የገጽ ንድፍ ኃላፊ ሆነ። ጽሑፉና ሥዕሉ የት እንደሚያርፉ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚስማማ፣ ምን ያህል ቦታ ባዶ እንደሚቀር የሚወስነው እርሱ ነበር። ባዶ ቦታ መተው ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሠዓሊ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከሁለት የልጅ ልጆቹ ጋር በባቡር ሲጓዝ ሕፃናቱ ተቁነጠነጡ። ከመጽሔት ላይ ሰማያዊና ቢጫ ወረቀት ቀደደና ቁራጮቹን ቦርሳው ላይ እየደረደረ ተረት ፈጠረላቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች ተቃቅፈው አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ወላጆቻቸውም አላወቋቸውም! ተረቱ በ1959 ታተመ። ሊዮኒ ያኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ገጸ ባሕርያቱ ዓይንም አፍም የላቸውም። ሕያው ፍጡርን ስለመሳል ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። በቀለምና በቅርጽ ብቻ ልጅን ማሳቅም ማሳዘንም እንደሚቻል ግን ይህ መጽሐፍ ያሳያል።

ኤሪክ ካርል ደግሞ በ1952 ከጀርመን 40 ዶላር ይዞ ኒው ዮርክ ገባ። «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ ዘንድ በግራፊክ ዲዛይነርነት እንዲቀጠር የረዳው ይኸው ሊዮኒ ነው። ከዓመታት በኋላ ለማስታወቂያ የሠራውን ቀይ ሎብስተር፣ የባሕር እንስሳ ነው፣ ደራሲው ቢል ማርቲን አይቶ መጽሐፉን እንዲሥልለት ጠየቀው፤ በ1967 ወጣ። በ1969 የታተመው የርኃብተኛዋ አባጨጓሬ መጽሐፍ መነሻው የወረቀት መብሻ ነበር። ካርል የወረቀት ክምር ሲበሳ ቀዳዳውን አይቶ ወረቀት የሚበላ ትል ታሰበው። ቀዳዳ ያለው ገጽ አሜሪካ ውስጥ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያትም ስላልተገኘ ጃፓን ታተመ።

ሁለቱም አስቀድመው ለዓመታት በደመወዝ ሠርተዋል። የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ቤት ውስጥ መሞከር የሚሻ ልጅ ስምንት ወረቀት ደርቦ ለሁለት ይጠፍ፤ 32 ገጽ ይሆንለታል። ከመሳሉ በፊት ተረቱን በየገጹ ያከፋፍል፤ ገጹ ሲገለጥ ምን እንደሚመጣ ታናሽ እህቱን እየጠየቀ ይፈትሽ።