ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ሲፈላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለች፣ በውሃ የምትቀዘቅዝ አንዲት ሞተር ብስክሌት ገዝተን ነበር። በሜዳው መንገድ ላይ አንዳች እንከን አልነበረባትም። የእንጦጦን አቀበት ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ቀስ እያልን ስንወጣ ግን ከጉልበታችን ሥር የሚያፏጭ ድምፅ ሰማን፤ ወዲያውም ነጭ እንፋሎት ተነሣ። ቆመን ስንመለከት ውሃው ፈልቶ ይገነፍላል፤ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ፋን ግን ጸጥ ብሏል። የተቃጠለ መስሎን ማታ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ብናገናኘው እንደ አዲስ ዞረ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፦ ደኅና የሆነ ፋን፣ ውሃው እየፈላ ሳለ፣ ስለምን አልተነሳም?

እንደሚታወቀው ሞተር ከቤንዚን ከሚያገኘው ጉልበት ውስጥ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም። ሌላው ሲሶ ገደማ በጭስ ማውጫው ይባክናል፤ የቀረው በአብዛኛው ወደ ሞተሩ ብረት ገብቶ በውሃው አማካይነት ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በምንጓዝበት ጊዜ በሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ የሚሮጥ ነፋስ ራዲያተሩን ስለሚመታው ፋን አያስፈልግም። አቀበት ላይ በዝግታ ስንወጣ ግን ሞተሩ በብርቱ ይሠራል፣ ነፋሱ ደግሞ የለም። ፋን የተሠራው ለዚህች ሰዓት ነው። (በአገራችን መንገዶች የምናያቸው ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመለከታቸውም።)

ፋኑን የሚያስነሳው በራዲያተሩ ላይ የተሰካ የሙቀት ማብሪያ ነው። ውሃው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ ያሉት ሁለት ጫፎች ይነካካሉ፤ ፋኑም ይዞራል። አንባቢ እዚህ ላይ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላ የለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ምሥጢሩ ያለው በራዲያተሩ ክዳን ላይ ነው። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ፣ ግፊቱ ከአካባቢው አየር ግፊት በላይ አንድ አትሞስፌር ያህል እስኪጨምር ድረስ ውሃውንና እንፋሎቱን አፍኖ ይይዛል። ግፊት ሲጨምር የፍል ነጥብም ከፍ ይላልና፣ በባሕር ጠረፍ ላይ እንዲህ የታፈነ ውሃ የሚፈላው በ120 ዲግሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይም ቢሆን እስከ 116 ገደማ ይታገሣል። ስለዚህ 100 ዲግሪ የሚጠብቅ ፋን በጊዜው ይደርሳል።

ክዳኑ አርጅቶ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ግን ነገሩ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ክፍት ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንጦጦ አናት ላይ 90 ገደማ ይሆናል። ክዳኑ ያረጀበት የጅቡቲ ነጂ ፋኑና ፍላቱ አብረው ይደርሱለታል። የእኛ ውሃ ግን የሙቀት ማብሪያው ከሚጠብቀው ደረጃ ሳይደርስ ፈልቶ ያልቃል። የባሰው ደግሞ ውሃው ሲጎድል ነው፤ ማብሪያው ውሃ አልባ ሆኖ በእንፋሎት መካከል ይቀርና የሞተሩን ሙቀት በትክክል መለየት ይሳነዋል። በዚህ ላይ ቀጭኑ የደጋ አየር ሙቀትን የመሸከም አቅሙ ያነሰ መሆኑን ጨምሩበት።

ይህን ከመረዳታችን በፊት ግን ቸኩለን መፍትሔ አበጀን። ፋኑን ራሳችን በእጃችን እናስነሳዋለን አልንና ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አንድ ቀጭን ሽቦ ወደ መሪው ወስደን፣ እዚያ ማብሪያ ገጥመን፣ ወደ ፋኑ መለስነው። ፊውዝ አላደረግንበትም። ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ዶክትሬት የተቀበለ ሰው ፊውዝ ረሳ ሲባል ለተማሪዎቻችን መሳቂያ እንደሚያደርገን እናውቃለን፤ ሆኖም እውነቱ ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ያህል በደኅና ሠራ። በሦስተኛው ሳምንት መሪው ሲዞር ሽቦውን እያሸ የነበረው የብረት ጠርዝ ልባሱን ልጦት፣ ከነዳጅ ጋኑ ሥር ጭስ ሲወጣ አየን። እንደ ዕድል ሆኖ ሽቦው ራሱ ቀድሞ ተበጠሰ።

ምን እንደ ተፈጠረ በወረቀት ላይ አሰላነው። ግማሽ ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአንድ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተቃውሞ 0.034 ኦም ነው። የባትሪውን ውስጣዊ ተቃውሞ 0.02 ኦም ብንለው፣ 12 ቮልት በእነዚህ ብቻ ሲያልፍ ጅረቱ ከ200 አምፔር በላይ ይሆናል፤ ፋኑ በጤናው ጊዜ የሚወስደው ግን 4 አምፔር ገደማ ነው። በሽቦው ላይ ብቻ የሚፈጠረው ሙቀት ከ1,500 ዋት ይበልጣል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማለት ነው። የሽቦው መዳብ ክብደት ደግሞ 4.5 ግራም ብቻ ነው። ያን ያህል ሙቀት ያን ያህል መዳብ ላይ ቢያርፍ፣ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዲግሪዎች ያግላል። ይህ ሁሉ የሆነው ከቤንዚን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው።

በማግሥቱ ሞተሯን በሰፈራችን ወደሚገኙ አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወሰድናት። የተቃጠለውን ሽቦ አይተው፣ «ዶክተር፣ እሳቱን ለምን መሪው ድረስ ይጎትቱታል?» አሉን።

«ታዲያ ጋሼ፣ ምኑን እንውሰድ?»

«ኔጌቲቩን ነዋ! እሱ ቢላጥ ሻንሲውን ነክቶ ፋኑን ያዞራል እንጂ ምን ያደርጋል?»

አባባላቸው በጥሞና ሊጤን የሚገባው ነው። በእኛ ሞተር፣ እንደ ብዙዎቹ የቆዩ ሞተሮች ሁሉ፣ ፖዘቲቩ በቁልፉና በፊውዙ በኩል አልፎ ዘወትር ፋኑ ዘንድ ይደርሳል። የሙቀት ማብሪያው የሚያደርገው የፋኑን ሌላኛውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ በፋኑና በሙቀት ማብሪያው መካከል ካለው ሽቦ አንድ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ በእጅ በሚሠራ ማብሪያ በኩል ከሻንሲው ጋር ማገናኘት ይበቃል። ይህ ቅርንጫፍ የትም ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ ጅረቱ አሁንም በፋኑ ውስጥ ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት ከ4 አምፔር አይዘልም፤ ፋኑ ሳይጠሩት ይዞራል፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። የሽቦው መንገድ በመለወጡ ብቻ፣ እሳት ያስነሣ የነበረው ብልሽት ድምፁን አሰምቶ ራሱን የሚያጋልጥ ብልሽት ሆነ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱ ማብሪያዎች የተገናኙት በትይዩ ነው፤ አንዱ ወይም ሌላው ቢበራ ፋኑ ይነሳል። በተከታታይ ቢገናኙ ግን ሁለቱም ካልበሩ አይነሳም፤ ነጂው የረሳ ዕለት ሞተሩ ይነዳል። የሙቀት ማብሪያውን ነቅሎ በእጅ ማብሪያ ብቻ መተካትንም አንመክርም፤ ሰው ይዘነጋል።

ይህን በራሱ ሞተር ላይ መሞከር የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ አንድ ነገር ይመርምር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቁልፉን ከፍቶ፣ ባለ አንድ ሽቦውን የሙቀት ማብሪያ ነቅሎ ሽቦውን ከሻንሲው ጋር ሲያነካው ፋኑ ከዞረ፣ የገለጽነው ዘዴ ይሠራል። በኮምፒውተር በሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን ይህ ሙከራ አይደረግም፤ እዚያ የሚገኘው ሽቦ የሙቀት መለኪያ ሊሆን ስለሚችል ሻንሲ ማስነካቱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ለእነዚህ ራሱን የቻለ ሪሌና ፊውዝ ያስፈልጋቸዋል። ማብሪያው 10 አምፔር የሚችል ይሁን፤ ፋን ከቆመበት ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ጥቂት እጥፍ ጅረት ይስባልና። መሪው አንገት ላይ ሽቦው በነፃነት እንዲተጣጠፍ ርዝመት ይተውለት።

ፋኑን ቀድሞ ማስነሳት ሞተሩን ከመጠን በላይ ያቀዘቅዘው ይሆን ብለው የጠየቁን ነበሩ። ቴርሞስታቱ ደኅና ከሆነ አያቀዘቅዘውም፤ ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይይዛል። ይልቅስ የሚያሳስበው ባትሪው ነው። ሞተሩ ቆሞ ፋኑ ብቻ ሲዞር የ10 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከሠራ በኋላ ሞተር ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል።

አዲሱን ሽቦ ከዘረጋን በኋላ ከአቀበቱ ግርጌ ማብሪያውን አብርተን እንጦጦን ሳንፈላ ወጣን። ክዳኑን የመረመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ማለታችን ነው፣ በጋለ ጊዜ ከተከፈተ ታፍኖ የቆየው ውሃ በቅጽበት ፈልቶ ፊት ይልጣልና። ጎማው እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ነበር። በአዲስ ክዳን ከተካነው ወዲህ ማብሪያውን የምንነካው አልፎ አልፎ፣ መንገድ ሲዘጋጋ ብቻ ነው።