ለማየት ብቻ የተከልኩት ቀርከሃ

ባለፈው ኤፕሪል አንድ እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት፣ ክንድ የሚያህል የቀርከሃ ቡቃያ ይዘው ቆመዋል። «ይኼ ያንተ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። ቲማቲም ከሚተክሉበት መደብ ላይ ነው ያገኙት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ቤት ስንገዛ ጓሮው ከሰው ዓይን የሚከልል ነገር አልነበረውም። እኔ ደግሞ የእንጅባራ ልጅ ነኝ፤ ቀርከሃ ሳይ ሆዴ ይባባል። ስድስት ችግኝ «ወርቃማ ቀርከሃ» ገዛሁ። ቶሎ እንደሚያድግ ተጽፎበት ነበር። ወዴት እንደሚያድግ ግን አልጠየቅኩም።

ለካ የቀርከሃ አስተዳደግ ሁለት ዓይነት ነው። ወርቃማው (ፊሎስታኪስ ኦሪያ) እና ሁሉም የሚጎመጅለት ጥቁሩ (ፊሎስታኪስ ኒግራ) ሯጮች ናቸው። ከመሬት በታች ያለው ግንዳቸው ወደ ጎን ይሮጥና በየጉጡ ቡቃያ ያወጣል። ጥቁሩ እውነትም ያምራል፤ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና በዓመት በሁለት ዓመት ይጠቁራል። ሌላው ዓይነት ባለበት ተሰባስቦ ቀስ እያለ የሚሰፋው ነው። ለቀዝቃዛ አገር ከነዚህ የሚመከረው ፋርጌሲያ ነው። ብርድ ይችላል፣ የከሰዓት ፀሐይ ግን ብዙዎቹን ያጠወልጋቸዋል። ሩፋ የሚባለው ሙቀቱን ከሌሎቹ ይሻላል፤ ቁመቱም ከሰው ትንሽ ከፍ ስለሚል ለመከለያ ይበቃል። (በየሬስቶራንቱ ውሃ ውስጥ የሚቆመው «ላኪ ባምቡ» ቀርከሃ አይደለም፤ ድራሲና የሚባል የአፍሪካ ተክል ነው።)

ኑሮዬ ኮድ መጻፍ ነው። መቆሚያ ያልተጻፈለት ሉፕ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

ነገሩ የጉርብትና ብቻም አይደለም። በካውንቲያችን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሯጭ ቀርከሃ ከግቢ አልፎ ወደ ሰው መሬት እንዲገባ መተው በደንብ የተከለከለ ነው። የኮነቲከት ግዛት ደግሞ በ2013 ባወጣችው ሕግ ተካዩ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው።

በሰኔ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ጓሮውን አይታ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ምን ልትሠራበት ነው?» አለችኝ። «ለማየት ነው» አልኳት። ሳቀች። እኛ አገር ቀርከሃ ደርሶ ዝም አይባልም። ለአጥር፣ ለቤት፣ ለወንበር፣ ለቅርጫት ይቆረጣል። ለማየት ብሎ የተከለ ሰው አታውቅም። «ስለማትቆርጡት ነው የጠገበባችሁ» ብላ ፈረደች።

ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለችም፤ የደጋው ቀርከሃችን ሌላ ዝርያ ነው፣ የኔውን ደግሞ ዘንጉን መቁረጥ ብቻ አያቆመውም። ዋናው ነገር በፀደይ የሚወጣውን ቡቃያ ገና ለስላሳ ሳለ መስበር ነው። የተሰበረው ተመልሶ አያድግም፤ ሥሩ ግን እስኪዳከም ዓመታት ይፈጃል። ከጎረቤት በኩል ደግሞ ስልሳ፣ ሰባ ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሬ ወፍራም የፕላስቲክ መከለያ አስገብቻለሁ። ጫፉን ከመሬት በላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ ቀርከሃው በላዩ ይሻገራል። ወገቤ እስካሁን አልዳነም።

በዚህ ፀደይ ቀርከሃ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ መለያው ላይ ያለውን የሳይንስ ስም አንብቡ። «ፊሎስታኪስ» የሚል ካያችሁ፣ መከለያውን አብራችሁ ካልገዛችሁ በስተቀር ወደ መደርደሪያው መልሱት።

እናቴ ከመሄዷ በፊት የበሰለውን እየመረጠች አስቆረጠችኝ። መቶ ሃያ ዘንግ ወጣው። ለቲማቲማቸው መደገፊያ ይሆናል ብለን አጥር ላይ አሻግረን ለጎረቤቴ ሰጠናቸው። ሠላሳውን ተቀብለው «በቃኝ» አሉ። የቀረው ጋራዤ ውስጥ ነው፤ የሚፈልግ ካለ መጥቶ ይውሰድ።