እሱ ዝም ሲል፣ እሷ ስትናገር

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ በደብረ ብርሃን ቤቶች የነበረውን ጭንቀት ታስታውሳላችሁ። ባል በር ላይ ቆሞ ዝም ይላል፤ ሚስት ልጆቿን ሰብስባ ጎረቤት ትጠራለች። «አያስብልንም» ትላለች፤ «አታሳርፈኝም» ይላል።

ይህ ሁልጊዜ የፍቅር ማጣት አይደለም። ስንደነግጥ በወንድም በሴትም ሰውነት ውስጥ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች ይመነጫሉ፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ለረጅም ዘመን «መዋጋት ወይም መሸሽ» ሲባል ኖሯል፤ ጥናቱ ግን በአብዛኛው በወንዶች ላይ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሼሊ ቴይለርና ባልደረቦቿ ሴቶች ልጆችን ወደ መንከባከብና ወደ ሰው ወደ መጠጋት እንደሚያደሉ ጻፉ፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ድርሻ እንዳለውም ገመቱ። (ሁሉም እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ ብቻዋን ማልቀስ የምትመርጥ እህት ሞልታለች።)

ኤልያስም ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ ብቻውን ምድረ በዳ ገባ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ማርያም ግን እንደ አንኮበር ተራራማ ወደሆነው አገር፣ ወደ ኤልሳቤጥ ፈጥና ሄደች።

እህቴ፣ ዝም ሲል ራቱን አቅርቢለትና ጥቂት ታገሺው። ወንድሜ፣ ስትነግርህ ለመፍትሔ አትቸኩል፤ ተቀምጠህ ስማት። ዝምታው ሳምንታት ከዘለቀ ወይም እንቅልፍ ከጠፋ ለመጋቢያችሁም ለሐኪምም ንገሩ። እጅ ከተነሣ ግን አትታገሺ፤ በዚያው ቀን ለምታምኚው ሰው ተናገሪ።