አንድ ቁጥር፣ ብዙ ዓይን፦ የጤና ቡድን ትምህርት በባሌ ደጋ

ብርድ በጸናበት አንድ የጎባ ማለዳ፣ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ወደ ሕክምና መጡ እንበል። ነርሷ በእናትየዋ ጣት ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር ስታደርግ መሣሪያው 95 ከመቶ ያነባል። ለዚያ ከፍታ መልካም የሚባል ቁጥር ነው። ታዲያ የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት መመለስ ይገባልን? ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የምንነሣው ከፊዚክስ ነው፤ የምንደርሰው ግን የጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ወደሚያስተምረው ሙያ ነው።

መሣሪያው የሚያየውና የማያየው

ፐልስ ኦክሲሜትር የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ኢንፍራሬድ በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘው ሄሞግሎቢንና ያልያዘው ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጡበት መጠን ይለያያል። ከዚህ ልዩነት ተነሥቶ ከመቶ ስንቱ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ ይሰላል። በሒሳብ አነጋገር፣ ሁለት እኩልታዎች ለሁለት ያልታወቁ መጠኖች ናቸው። ሦስተኛ ያልታወቀ መጠን ከገባ ግን ስሌቱ ይሳሳታል።

ያ ሦስተኛ መጠን በዝግ ቤት ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚቆራኝበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የተቆራኘው ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን የሚውጠው ደግሞ ኦክስጅን የያዘውን በሚመስል መጠን ነው። ስለዚህ መሣሪያው የተመረዘውን ደም ጤነኛ አድርጎ ያነባል።

የባሌ ከፍታም ንባቡን ያወሳስበዋል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትም ቦታ 21 ከመቶ ያህል ቢሆንም፣ በጎባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ 4,000 ሜትር ገደማ በሆነው በሳነቴ አምባ ደግሞ ወደ 60 ከመቶ ይጠጋል። በዚያ የሚለካ ጤነኛ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የሄሞግሎቢን መጠንም ከከፍታው ጋር ካልተገናዘበ የደም ማነስ ሳይታወቅ ያልፋል።

እንቆቅልሹን ማን ይፈታዋል?

ነርሷ ሦስቱም በአንድ ጊዜ መታመማቸውን ታስተውላለች። የአካባቢ ጤና ባለሙያው «የከሰል ምድጃው ሌሊት የት አደረ?» ብሎ ይጠይቃል። የላቦራቶሪ ባለሙያው የደሙን ውጤት ከከፍታው ጋር አገናዝቦ ያስረዳል። ሐኪሙም በመሣሪያው ቁጥር ሳይዘናጋ ኦክስጅን ያዛል። ከእነዚህ አንዱ ዝም ቢል ቤተሰቡ ወደዚያው ምድጃ ይመለሳል፤ ቀጣዩን ማለዳ ላያይም ይችላል።

እንዲህ ያለ መደማመጥ የሚገኘው በትምህርት ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች አሰማርቶ ያሠለጥን ነበር። የቡድን ሥልጠና የተባለው ይህ ልምድ በኋላ ወደ ሌሎች ተቋማት ተስፋፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች አብረው፣ አንዱ ከሌላውና ስለ ሌላው እንዲማሩ የሚመክር ማዕቀፍ አውጥቷል። ዋና ግቢው ሮቤ የሆነው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በጎባ የጤና ትምህርት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከላይ ያነሣነው ዓይነት ጉዳይ ለተማሪዎቹ ሩቅ አይደለም።

ይህን ትምህርት መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መምህሩ በአንድ የጤና መስክ የበሰለ፣ የሌሎቹንም ቋንቋ የሚሰማ መሆን ይኖርበታል። አንድ ሙያ ብቻውን የማይጨርሰውን ጉዳይ መርጦ ያዘጋጃል፤ የየትምህርት ክፍሉን የጊዜ ሰሌዳ ያስማማል፤ ፈተናውም ማን ምን እንደሚያውቅ ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንዳዳመጠ የሚመዝን ነው። ከሁሉም የሚከብደው «ይህ የእኔ ድርሻ አይደለም» ብሎ ዝም የሚለውን ተማሪ ማናገር ነው። እኛ የፊዚክስ መምህራንም የመሣሪያውን ገደብ በማስረዳት የበኩላችንን ልናበረክት እንችላለን። የጎደለውን ሦስተኛ እኩልታ የያዘው ግን ስለ ምድጃው የሚጠይቀው ሰው ነው።