ለቤት የሚበጅ ካውያ እንዴት ያለ ነው

የልብስ ንጽሕናና መስተካከል የቤትን ሥርዐት ያስታውቃል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባለው የጎጃም ደጋ፥ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ሳይረዳው አይቀርም። ነገር ግን ያ ነጠላ ሳይጨማደድ እንዲወጣ፥ በዋዜማው ሌሊት አንዲት እናት ወይም አንዲት ሠራተኛ ካውያ ይዛ እንደ ደከመች የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለዚህ ካውያ የሚገዛ ሰው ስለ ልብሱ ብቻ ሳይሆን ስለምትተኩሰውም ሴት ማሰብ ይገባዋል።

ቀድሞ ልብስ በእንዶድ ታጥቦ፥ በፀሐይ ተሰጥቶ፥ በደንብ ታጥፎ ይቀመጥ ነበር። ሱሪም ከፍራሽ በታች ተዘርግቶ ሲታደርበት እጥፋቱ ይጸና ነበር። ኋላ የከሰል ካውያ በየቤቱ ገባ። በውጭ አገር ግን ሥራው ፈጥኖ ተሻሽሏል፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1871 ሜሪ ፖትስ የተባለች አሜሪካዊት እጅ የማያቃጥልና የሚነቀል የእንጨት እጀታ ያለው ካውያ በስሟ አስመዘገበች። በ1882 ደግሞ የኒው ዮርኩ ሄንሪ ሲሊ በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን አስመዘገበ። እንፋሎት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ካውያ በ1926 ለገበያ ወጣ።

የእንፋሎት ጥቅሙ ይህ ነው። ጥጥ በደረቀ ጊዜ እጥፋቱን አጥብቆ ይይዛል፤ እርጥበትና ሙቀት ባገኘ ጊዜ ግን ይለዝባል፤ ተጭኖ ሲደርቅም እንደ ተጫነ ይጸናል። እንግዲህ ልብሱን ውኃ አርከፍክፋ፥ ጠቅልላ ጥቂት አቈይታ የምትተኩስ ሴት፥ የእንፋሎት ካውያ የሚሠራውን ሥራ በእጅዋ ትሠራዋለች ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚዘገየውም ስለዚህ ነው። የእንፋሎት ካውያም እንዲሁ ይደክም ይሆናል ብሎ የሚሠጋ ቢኖር አይሥጋ፤ ልብሱን የሚያስተካክለው የብረቱ ሙቀት ነውና፥ ይህም ከውኃው መፍላት ጋራ የተያያዘ አይደለም።

ካውያ ሲገዛ እነዚህን መመልከት ይበጃል።

1ኛ፤ የታችኛው ብረት ልሙጥ፥ ዝገትና ጭረት የሌለበት፥ ጫፉም በአንገትጌና በቍልፍ መካከል እንዲገባ ሾጠጥ ያለ ይሁን።

2ኛ፤ የሙቀት መመጠኛው የታመነ ይሁን። በልብስ ምልክት ላይ አንድ ነጥብ 110 ዲግሪ ሲሆን ለናይሎንና ለመሳሰለው ነው፤ ሁለት ነጥብ 150 ዲግሪ ሲሆን ለሱፍና ለሐር ነው፤ ሦስት ነጥብ 200 ዲግሪ ሲሆን ለጥጥና ለተልባ እግር ነው። የነጠላው ጥለት በሰው ሠራሽ ክር የተሠራ እንደ ሆነ፥ ጥጡ የሚችለውን ሙቀት ጥለቱ አይችለውምና በዝቅተኛው ሙቀት፥ በጀርባው በኩል፥ ስስ ጨርቅ ደርቦ መተኮስ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ የእንፋሎት ካውያ ከሆነ ንጹሕ ውኃ ይሻል። ውኃው ፈልቶ፥ ረግቶና ተጣርቶ ቢጨመር፥ ቀዳዳዎቹን የሚደፍነው ነጭ ዝቃጭ ይቀንሳል። ሥራው ሲያበቃም የተረፈውን ውኃ ማፍሰስ ነው።

4ኛ፤ ገመዱና መሰኪያው የጠነከሩ ይሁኑ። 2,200 ዋት የሚወስድ ካውያ በ220 ቮልት 10 አምፔር ይስባልና፥ ቀጭን ማራዘሚያ ላይ ቢሰካ ገመዱ ግሎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል።

5ኛ፤ ክብደቱ ልከኛ ይሁን። ሥራውን የሚሠሩት ሙቀትና እርጥበት ናቸውና ክንድ የሚያዝል ካውያ መያዝ አያስፈልግም።

መብራት በሚቋረጥበት ጊዜና የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ግን የከሰል ካውያ ዛሬም ያገለግላል። መልካሙ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ፥ መተንፈሻው ያልተደፈነ፥ እጀታው እንጨት የሆነና ዐመድ በልብስ ላይ የማያፈስ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደጋው ብርድ ሲበረታ፥ ሰው በርና መስኮት ዘግቶ በፍም ይተኩሳል፤ ከዚያም ፍሙን ለሙቀት ብሎ በመኝታ ቤት ይተወዋል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር መልክም ሽታም የለውም። ስለዚህ ጢስ አለመታየቱ ደኅንነት አይደለም። ራስ ማመም፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ መጫን ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛም ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ በከሰል ካውያ የሚተኮሰው በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮት በተከፈተበት ስፍራ ነው። ምልክቱ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ። ሥራው ሲያልቅ ፍሙ በውጭ ይጥፋ እንጂ ወደ መኝታ ቤት ከቶ አይግባ።

የቤት አባወራም ሆነ እመቤት፥ ለበዓል ነጭ ልብስ በጠየቁ ጊዜ፥ ልብሱ በየት ቦታና በምን ካውያ እንደሚተኮስ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል። ያረረ ነጠላ በሌላ ይተካል፤ የሰው ነፍስ ግን ምትክ የላትም። ስለዚህ መልካም ካውያ የምንለው ልብሱን የሚያሳምረውን ብቻ ሳይሆን፥ የተኮሰችውም ሴት በበዓሉ ጧት ከቤተ ሰቡ ጋራ በጤና የምትገኝበትን ነው።